ፋሻ፦ የፒስተን ቁስልና የጥገናው ታሪክ

ፋሻ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ቤት አለው። በሐኪም ቤት የቁስል መጠቅለያ ስስ ጨርቅ ነው፤ በጋራዥ ደግሞ በፒስተን አናት አጠገብ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የሚቀመጥ፣ አንድ ቦታ ላይ የተሰነጠቀ የብረት ቀለበት ነው። ቃሉ በሁለቱም ቤት ጣሊያንኛ ነው፤ መቀነት፣ ጥብጣብ እንደ ማለት ነው። ዝምድናቸው ግን ከስም አልፎ ወደ ግብር ይዘልቃል። ሁለቱም ክፍተትን ይደፍናሉ፤ ሁለቱም ሌላውን ለማዳን ራሳቸው ያልቃሉ፤ ሁለቱም ተግባራቸውን ሲፈጽሙ ተጥለው በአዲስ ይተካሉ።

ውድ አንባቢ፥ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፒስተን ነው። የግጥም ወዳጅ የሆነ ሰው «ብረትና ዘይት ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የተጎዳ ፒስተን ይጠገን ወይስ ይለወጥ የሚለው ጥያቄ፣ ታሪኩን ከሥሩ ለተመለከተ ሰው፣ የመካኒክ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የአንድ ዕቃ ዕድሜ የሚወሰነው በማን እጅ ነው? በሠሪው፣ በጠጋኙ ወይስ በባለቤቱ? ነገሩ ይህ ነው።

የክፍተት ታሪክ

የፒስተን ታሪክ የክፍተት ታሪክ ነው። በቀጥታ ቱቦ ውስጥ የሚመላለስ ክብ ብረት ከቱቦው ጋር እጅግ ከተጣበቀ አይንቀሳቀስም፤ እጅግ ከላላ ደግሞ ሊገፋው የሚገባው እንፋሎት ወይም ጋዝ በጎኑ ሾልኮ ያመልጣል። እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውከመን እ.ኤ.አ. በ1712 በደድሊ ከተማ አጠገብ ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ የሚቀዳ የእንፋሎት ሞተር ባቆመ ጊዜ፣ ክፍተቱን የደፈነው በቆዳ ነበር። እንፋሎቱ እንዳያመልጥም በፒስተኑ አናት ላይ ውኃ አቆረበት። በዚያን ዘመን ክብነቱ የታመነ ሲሊንደር መሥራት የሚችል ስላልነበረ፣ የብረቱን ጉድለት ቆዳውና ውኃው ይሸፍኑት ነበር።

ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጄምስ ዋት ግን ይህን ማድረግ አልቻለም። የእርሱ ሞተር ኃይል የሚቆጥበው ሲሊንደሩን ዘወትር ትኩስ አድርጎ በመጠበቅ ስለ ነበር፣ ቀዝቃዛ ውኃ በአናቱ ላይ ቢያፈስበት የደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያማረው ሐሳቡ ለዓመታት በክፍተት ምክንያት ተሰናከለ። መፍትሔው የመጣው ከመድፍ ሠሪ ነው። ጆን ዊልኪንሰን የተባለው የብረት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1774 መድፍ የሚቦረቡርበት አዲስ መሣሪያ አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የመቁረጫው ዘንግ በሲሊንደሩ ውስጥ አልፎ በሁለቱም ጫፍ እንዲደገፍ አድርጎ ለእንፋሎት ሞተር የሚሆን መቦርቦሪያ ሠራ። የዋት ሸሪክ የነበረው ማቲው ቦልተን፣ ስፋቱ ሃምሳ ኢንች በሆነ ሲሊንደር ውስጥ የተገኘው ስሕተት ከአንድ አሮጌ ሽልንግ ውፍረት እንደማይበልጥ በአድናቆት ጽፏል። በዚያን ጊዜ የሽልንግ ውፍረት የትክክለኛነት ዳርቻ ነበር።

ያም ሆኖ ክፍተቱ አልጠፋም። በሞራ የተነከረ የቃጫ ጉንጉን በፒስተኑ ዙሪያ እየተጠቀጠቀ ለብዙ አሥርተ ዓመታት አገለገለ። ቃጫው ይቃጠላል፣ ይበጣጠሳል፣ በየጊዜው ሞተሩ ተከፍቶ በአዲስ ይተካል። ይህን የለወጠው የባቡር መሐንዲሱ ጆን ራምስቦተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 በፒስተኑ ዙሪያ ጠባብ ቦዮችን ቦርቡሮ በውስጣቸው የተሰነጠቁ የብረት ቀለበቶች አስገባ። ቀለበቶቹ ከሲሊንደሩ ስፋት በአሥር በመቶ ያህል የሰፉ ሆነው ይሠሩና ተጨምቀው ይገቡ ነበር። ቀለበቱ ወደ ቀድሞ ስፋቱ ለመመለስ ዘወትር ሲታገል ግድግዳውን እየተጫነ ክፍተቱን ይዘጋል። ጥቂት ቢያልቅ እንኳ ተለጥጦ የጎደለውን ይሞላል። ዛሬ በመኪና ሞተር ውስጥ ያለው ፋሻ የዚህ ቀለበት የልጅ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ራምስቦተም ክፍተቱን ከመድፈኑም በላይ፣ በሞተር ውስጥ ማን አስቀድሞ እንደሚሞት ወሰነ። ሁለት ብረቶች ሲፋተጉ ማለቅ አይቀርምና፣ ውዱና ትልቁ ሲሊንደር ከሚያልቅ ርካሹና ትንሹ ቀለበት ይለቅ ተባለ። የመጠገን ጥበብ የተጀመረው መፍቻ ባነሣው መካኒክ እጅ ሳይሆን፣ ለሞት የሚታጨውን ክፍል አስቀድሞ በመረጠው በሠሪው አሳብ ውስጥ ነው።

ቀላሉ ብረት

ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 አራት ምት ያለውን ሞተር ከሠራና መኪና ከተወለደ በኋላ፣ ፒስተን ከእንፋሎት ዘመን የከፋ ኑሮ ጀመረ። በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ የሚዞር ሞተር ውስጥ አንድ ፒስተን በሰከንድ መቶ ጊዜ ይቆማል፤ መቶ ጊዜም እንደገና ይነሣል። በአናቱ ላይ የሚነደው እሳት ከሁለት ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። የቀድሞዎቹ ፒስተኖች ከግራጫ ብረት የተቀለጡ ስለ ነበሩ ጠንካሮች ቢሆኑም ከባዶች ነበሩ። ከባድ ነገር በፈጠነ ቁጥር ለማቆም ይከብዳል፤ የዙሩ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ቢየላውን የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና።

እ.ኤ.አ. በ1913 ዋልተር ኦወን ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ከወንድሙ ጋር ሆኖ ለንደን ውስጥ የሚሸጣቸውን የዶሪዮ፣ ፍላንድራንና ፓራን መኪናዎች ፋብሪካ ሲጎበኝ፣ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት እንዳይበተን መጫኛ ሆኖ የተቀመጠ ትንሽ የአሉሚኒየም ፒስተን አየ። ለጌጥ የተሠራ ነበር። እርሱ ግን «ይህ በእውነተኛ ሞተር ውስጥ ቢገባስ?» ብሎ አሰበ። ሰማንያ ስምንት እጅ አሉሚኒየምና አሥራ ሁለት እጅ መዳብ በተቀላቀለበት ብረት ፒስተን አሠርቶ ሞከረው፤ ያ መኪና እ.ኤ.አ. በ1914 በማን ደሴት በተደረገው ውድድር ከእርሱ ብዙ ከሚበልጡ ሞተሮች ጋር ተሰልፎ ስድስተኛ ወጣ። የዓለም ጦርነት ሲነሣ ቤንትሌይ ምሥጢሩን ለአገሩ የአውሮፕላን ሞተር ሠሪዎች አካፈለ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1920 በጀርመን በሽቱትጋርት አካባቢ ሄርማን ማሌ የተቀላቀለበት አነስተኛ ወርክሾፕ ቀላል ፒስተን ለመኪና ያመርት ጀመር፤ ማሌ የሚለው ስም ዛሬም በፒስተን ካርቶን ላይ ይነበባል።

አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ሙቀትንም ከብረት እጅግ ፈጥኖ ያስተላልፋል። ነገር ግን ስጦታው ያለ ዕዳ አልመጣም። ሲሞቅ የሚለጠጠው ከግራጫ ብረት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የሚቀልጠውም በ660 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በላዩ ያለውን እሳት ችሎ የሚኖረው፣ ሙቀቱ በፋሻው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ፣ ከግድግዳውም ወደ ውኃው ሳያቋርጥ ስለሚሸኝለት ብቻ ነው። ውኃው ቢጎድል ወይም ዘይቱ ቢያጥር ፒስተኑ ያብጣል፤ ቤቱም ይጠበዋል።

ወደ አገራችን ሲመጣ

በታሪክ ውስጥ የስም መገጣጠም ያስገርማል። ሌላ ቤንትሌይ፣ ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በ1900 ዓ.ም. ሲድሌ የተባለች መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ በረሃውንና አቀበቱን አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሰ፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ፒስተን እንዲህ ባለ መንገድ ወደ ሸዋ ምድር ገባ። ገና መንገድ ባልነበረበት አገር የገባ ሞተር፣ የሚጠግነው እጅም እንደሚያስፈልገው ግልጽ ነበር።

ያ እጅ በብዛት የተፈጠረው ግን በክፉ ቀን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ወረራ ዘመን፣ በየአቅጣጫው ለጦር ሠራዊት መንገድ ተቀየሰ፤ የፊያትና የላንቺያ ከባድ መኪናዎችም በብዛት ገቡ። ወራሪው ሲሸነፍ መኪናዎቹና መንገዶቹ ቀሩ፤ ብዙ ጣሊያናውያን ባለሙያዎችም በአገሪቱ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። አጠገባቸው ሆነው መፍቻ ያቀብሉ የነበሩ ወጣቶች ሙያውን ከነቃሉ ወረሱ። እነሆ ዛሬም የሞተር ቋንቋችን ጣሊያንኛ ነው፦ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ባልቦላ፣ ካንዴላ፣ ቢየላ፣ ካና፣ ፋሻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ቶርኖ።

የቃላቱን ፍቺ ብንፈታው ደግሞ በውስጡ ሌላ ዓለም ይገኛል። ቴስታታ ከራስ የወጣ ቃል ነው፤ ካንዴላ ሻማ ነው፤ ካና ሸምበቆ ነው፤ ፋሻም መቀነት። ራስ፣ ሻማ፣ ሸምበቆና መቀነት የያዘ ነገር የብረት ክምር መሆኑን ማን ይጠረጥራል? መካኒኮቻችን ቃላቱን ያለ ፍቺያቸው ተቀብለው የራሳቸው አደረጓቸው። ቋንቋውን ያመጣው ኃይል በደም ተባርሮ ሄደ፤ ቃሉ ግን በዘይት የራሰ እጅ ላይ ቀርቶ እንጀራ ሆነ። ታሪክን በቂምና በውለታ ብቻ ለመክፈል ለሚቸኩል ሰው ይህ የማያመች እውነት ነው።

ቁስሉና ፍርዱ

ፒስተን በብዙ መንገድ ይቆስላል። ዘይት ወይም ውኃ ሲጎድል ጎኑ ተፍቆ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። እሳቱ ያለ ጊዜው ሲነሣ ወይም ቤንዚኑ የማይስማማ ሲሆን በአናቱ ላይ ፍንዳታ ይደጋገማል፤ በፋሻዎቹ መካከል ያለው ግንብ ይሰበራል፤ ሲብስም አናቱ ይበሳል። ሌላው ቁስል ጸጥተኛው ነው፦ ዕድሜ። ፒስተኑ ከላይ ደርሶ ለቅጽበት በሚቆምበት ሥፍራ የዘይቱ ሽፋን ይሳሳል፤ የእሳቱ ግፊትም ያን ጊዜ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ካናው ከታች ይልቅ ከላይ ይበላል፤ ክብ የነበረውም እያደር ሞላላ ይሆናል። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ የሚታየው ዘይቱ በፋሻው በኩል እየሾለከ ሲቃጠል ነው። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ጭሱን ለጥቂት ጊዜ መደበቅ ይቻላል፤ ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ከዚህ በኋላ ፍርድ ይመጣል። ጥሩ መካኒክ ሞተሩን አውርዶ ቴስታታውን ካነሣ በኋላ አስቀድሞ የሚያነሣው መለኪያውን ነው። ካናውን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ግድግዳውን በስሱ አሻክሮ ፋሻውን ብቻ ይለውጣል። ማሻከሩ ለጌጥ አይደለም፤ ተጠላልፈው የሚሰመሩት ጥቃቅን ጭረቶች ዘይት ይይዛሉ፤ አዲሱም ፋሻ ከግድግዳው ጋር እስኪላመድ ያግዙታል። ጉዳቱ ከፍ ካለ ግን ሲሊንደሩ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የሞለለው እንደገና ክብ እስኪሆን ይቦረቦራል፤ በሰፋውም ልክ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ፒስተን ይገባለታል። በብዙ ሞተሮች ዘንድ ልኩ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ በመጨረሻም አንድ ሙሉ ሚሊሜትር ነው። ግድግዳው ከዚያ በላይ የሚሰጠው ሥጋ ሲያልቅ፣ አዲስ ካና ይከተትለታል።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ «ፒስተን ተሠራ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ፒስተኑ ራሱ አይደለም። የተበሳ ወይም የተሰነጠቀ ፒስተን ይጣላል። የሚጠገነው ቤቱ ነው፤ ለተጠገነው ቤት ልኩ የሆነ አዲስ ነዋሪ ይፈለግለታል። ነዋሪውም ብቻውን አይመጣም። ከአራቱ አንዱ ብቻ ቢለወጥ እንኳ ክብደቱ ከሦስቱ ጋር መመሳሰል አለበት። አለዚያ አዲሱ ፒስተን ምንም ቢያምር ሞተሩን ሲያናውጥ ይኖራል።

ኑሮዬ በባንክ ሒሳብ ላይ ነውና አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በሒሳብ መዝገብ አንድ መኪና በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እየተደረገለት በተወሰነለት ዓመት ወደ ዜሮ ይወርዳል። በመዝገቡ ሞተ ማለት ነው። በጋራዡ ግን ያው መኪና የመጀመሪያው ሩብ ሚሊሜትር ገና አልተነካ ይሆናል። መዝገቡ የሚቆጥረው የቀን መቁጠሪያን ነው፤ መለኪያው የሚያነበው ግን ብረቱን ነው። ሁለቱም አይዋሹም፤ ነገር ግን ስለ አንድ ነገር አይናገሩም። የዕቃን ዕድሜ በመዝገብ ብቻ የሚያውቅ አገር፣ ሳይሞት የቀበረውን ሀብት ቆጥሮ አይጨርሰውም።

የላዳ ትምህርት

ይህን ለማየት የአዲስ አበባን ላዳ ማስታወስ ይበቃል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ በቮልጋ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ተከለች። ፋብሪካው ያረፈባት ከተማ ከሁለት ዓመት በፊት በጣሊያናዊው የኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም ቶሊያቲ ተብላ ነበር። ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ የመኪናዋም መሠረት ፊያት 124 ነበረች። በደርግ ዘመን ላዳ ወደ አገራችን ስትገባ፣ ጣሊያንኛ የሞተር ቋንቋ ያለው መካኒክ ጠበቃት። ሩሲያዊት ተብላ የመጣችው መኪና ከጥንት ዘመዶቿ ጋር የተገናኘች ያህል ነበር።

ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለችው ላዳ፣ ለጥገና የታሰበች ነበረች። ፋብሪካው ፒስተኖቿን በሚሊሜትር መቶኛ እየለየ በአምስት መደብ ይከፍላቸውና በፊደል ምልክት ያደርግባቸው ነበር፤ የሲሊንደሩ ፊደልና የፒስተኑ ፊደል እንዲገጥሙ። ለቀጣይ ዕድሜዋም በ0.4 እና በ0.8 ሚሊሜትር የሰፉ ፒስተኖች ተዘጋጅተውላት ነበር። ሠሪው «ይህች መኪና ታረጃለች፤ ባረጀች ጊዜም የሚከፍታት ሰው አለ» ብሎ አስቀድሞ አምኗል ማለት ነው። በዚያ እምነት ላይ ተመሥርቶ ስንት ቤተሰብ ልጁን አሳደገ፣ አስተማረ! ያች ግማሽ ሚሊሜትር የማትሞላ ስፋት ለባለ ታክሲው የዓመታት እንጀራ ነበረች።

ተቃራኒውን ደግሞ አሜሪካ አሳይታለች። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣት ቼቭሮሌት ቬጋ ላይ፣ ሲሊኮን በተቀላቀለበት አሉሚኒየም የተሠራ ሲሊንደር ያለ ብረት ካና ተጠቀመ። አሳቡ ብልህ ነበር፤ ክብደትና ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን ሞተሩ ሲግል ግድግዳው ይጎዳ ነበር፤ የተጎዳውን ግድግዳ ደግሞ በተለመደው መንገድ መቦርቦር ቀላል አልሆነም። ብዙ ባለቤቶች መዳኛ ያገኙት ጠጋኞች በአሉሚኒየሙ ውስጥ የብረት ካና ሲከቱላቸው ነው። ፋብሪካው ያስቀረውን ጋራዡ መለሰው። ዛሬ ብዙ አዳዲስ ሞተሮች በስስ ብረታዊ ሽፋን የተለበጠ ግድግዳ አላቸው፤ ዘይት ይቆጥባሉ፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ ረጅም ዕድሜም አላቸው። ሲጎዱ ግን ለብዙዎቹ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ፒስተን አይዘጋጅላቸውም፤ ምክሩ «ሙሉውን ለውጥ» ነው።

የሚቀጥለው ፋሻ

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ ሞተር ፒስተን የለውም፤ ካናም፣ ባልቦላም፣ ፋሻም የለውም። ይህ ማለት ከመቶ ዓመት በላይ በአገራችን የኖረው የፒስተን ታሪክ ወደ ማብቂያው ምዕራፍ ገብቷል ማለት ነው። ማብቂያው ግን አጭር አይሆንም። ቀድመው የገቡት መኪናዎች ገና በመንገድ ላይ ናቸው፤ ካናቸውን የሚለካ፣ ፋሻቸውን የሚለውጥ፣ ፍርዱን የሚሰጥ እጅ ለብዙ ዘመን ያስፈልጋቸዋል። ያን እጅ «ያለፈበት ሙያ» ብለን ዛሬ ብንንቀው፣ ነገ በየበሩ ቆሞ የሚቀረው ብረት ይፈርድብናል።

ለአዲሱም ዘመን ቢሆን ከአሮጌው የምንወርሰው ጥያቄ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከብዙ ትናንሽ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። አንዱ ክፍል ሲደክም እርሱን ብቻ ማውጣት የሚቻልበት ባትሪ አለ፤ ተጣብቆ የታሸገና ሊከፈት የማይፈልግም አለ። ከጓደኞቹ ጋር ያልተመጣጠነ አዲስ ክፍል ቢገባበትም እንደ ፒስተኑ ችግር ይፈጥራል። እንግዲህ መኪና ስንገዛ ምን ያህል ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎ መጠየቅ መልካም ነው፤ ከዚያ ጋር ግን «ለሞት የታጨው ክፍል የቱ ነው? እርሱን ብቻ አውጥቶ መተካት ይቻላል ወይ? መክፈት የሚፈቀድለትስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ራምስቦተም በ1852 መልስ የሰጠው ለዚሁ ጥያቄ ነበር።

ሁሉም ዕቃ ያልቃል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ትንሹ አልቆ ትልቁ ይተርፍ ዘንድ ማድረግ ግን የሰው ምርጫ ነው። ያን ምርጫ በስንጥቅ ቀለበት ላይ የጻፉትን፣ በዘይት በራሰ እጃቸውም ትውልድ ከትውልድ ያነበቡትን እናመስግን።

ቸር እንሰንብት።